«ዕድሜህ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ በር

(በደቅ ደሴት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናወራው ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ እንጂ በአደባባይ ስለማይነሣ ጉዳይ ነው። በስልክ ስለሚታዩ ልቅ የወሲብ ፊልሞችና ምስሎች፣ ልጆች እነዚህን እንዳያዩ ስለሚወጡ ሕጎች፣ ከዚያም ሕጉ ስለሚደርስበትና ስለማይደርስበት ቦታ እንነጋገራለን። ያፈረ ካለ ምንም አይደለም፤ ማፈር በራሱ ጥፋት የለውም። ነገር ግን ወላጅ አፍሮ ዝም ሲል፣ መምህር አፍሮ ዝም ሲል፣ ጓደኛ ደግሞ እየሳቀ ሲያልፍ፣ ለወጣቱ ስለ ጾታ ግንኙነት የሚያስተምረው ስልኩ ብቻ ይሆናል። ስልክ ደግሞ የከፈቱለትን ያሳያል እንጂ ለማን እንደሚያሳይ አያውቅም። ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ስልኩ ለማን እንደሚያሳይ እንዲያውቅ ማድረግ ይቻላል?

በሌላው ዓለም የተሠራው በር

ለብዙ ዓመታት የወሲብ ድረ ገጾች ሲከፈቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፤ «18 ዓመት ሞልቶሃል?» የሚል። «አዎ» የሚለውን መንካት ይበቃል። የ12 ዓመት ልጅም የ60 ዓመት አዛውንትም እኩል ይገባሉ። ይኼ የበር ሥዕል እንጂ በር አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንዳንድ አገሮች እውነተኛ በር እንዲሠራ በሕግ ማስገደድ ጀምረዋል። በአሜሪካ የሉዊዚያና ግዛት ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከይዘታቸው ሲሶውና ከዚያ በላይ ለልጆች ጎጂ የሆነ ድረ ገጾች የተመልካቹን ዕድሜ እንዲያረጋግጡ አዘዘች። ሌሎች ከ20 በላይ ግዛቶች ተከተሏት። ከእነዚህ አንዷ የሆነችው የቴክሳስ ሕግ «ሐሳብን የመግለጽ መብት ይነካል» ተብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በ6 ለ3 ድምፅ ሕጉ ይጽና አለ። እንግሊዝ ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ መሠረት ከሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የወሲብ ድረ ገጾች ዕድሜ እንዲያጣሩ አስገድዳለች። ያላከበረ ድርጅት እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም ከዓለም አቀፍ ገቢው እስከ 10 በመቶ ሊቀጣ ይችላል፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። አውስትራሊያ ከዚህም አልፋ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በታላላቆቹ የማኅበራዊ ሚዲያዎች ላይ አካውንት እንዳይኖራቸው ከልክላለች።

ዕድሜው የሚጣራው እንዴት ነው? መንገዱ ብዙ ነው። አንዱ መታወቂያን ፎቶ አንሥቶ መላክ ነው። ሌላው በስልኩ ካሜራ ፊትን አሳይቶ ኮምፒዩተሩ ዕድሜውን እንዲገምት ማድረግ ነው። ለአዋቂ ብቻ በሚሰጥ የባንክ ካርድ ወይም በስልክ ኩባንያው በኩል ማረጋገጥም አለ።

የዚህ ሕግ መልካም ጎን ግልጽ ነው። ሸክሙን ከልጁ ጫንቃ አንሥቶ ገንዘቡን በሚሰበስበው ባለ ድረ ገጽ ላይ ይጭነዋል። አንድ ባለ ሱቅ ለልጅ አረቄ ሸጦ «ልጁ ለምን ጠየቀ?» ቢል ማን ይሰማዋል?

ደካማ ጎኑም አለ። በእንግሊዝ ሕጉ ሥራ ላይ በዋለ ሰሞን፣ ተጠቃሚው በሌላ አገር ያለ የሚያስመስለው ቪፒኤን የተባለው መተግበሪያ በብዛት ወረደ። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ዲስኮርድ የተባለው የመልእክት መለዋወጫ፣ ዕድሜያቸውን ለማሳመን ሰዎች የላኩት ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ የመታወቂያ ፎቶ በአንድ አገልግሎት ሰጪው በኩል በሰርጎ ገቦች እጅ ሊወድቅ እንደሚችል አስታውቋል። የፊት ግምቱም ቢሆን ይሳሳታል። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፍተሻ፣ ስህተቱ በሴቶች ፊት ላይ ከወንዶቹ ከፍ ብሎ ታይቷል። እንግዲህ በሩ አለ፤ ግን ቀዳዳም አለው፣ ዋጋም ያስከፍላል።

በሩ ደቅ ቢመጣስ?

እስቲ ይህ ሕግ ነገ በአገራችን ወጣ እንበል። ደቅ ላይ ያለ ተማሪ ዕድሜውን በምን ያረጋግጣል?

የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። እናንተ ግን አብዛኞቻችሁ ከዚያ በፊት ተወልዳችኋል። እናቶቻችን የልጅ ዕድሜ ሲጠየቁ «ሚሌኒየሙ በተከበረ በዓመቱ»፣ «የዓባይ ግድብ መሠረቱ በተጣለ ጊዜ» ይሉናል። ይኼ ትዝታ ውድ ነው፤ ግን ኮምፒዩተር አያነበውም።

ደግሞም ዕድሜን ማጣራት ለክልላችን አዲስ ነገር አይደለም። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. የጋብቻ ዕድሜን 18 ካደረገ ወዲህ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻን ለማስቀረት ልጃገረዶች ወደ ጤና ተቋም ተልከው ዕድሜያቸው ሲጣራ ኖሯል። ብዙ ልጆችን አድኗል። ነገር ግን ታናሺቱን ለመዳር ታላቂቱን እህት አስመርምረው ስለተመለሱ ቤተሰቦችም ሰምተናል። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? በቤቱ ያለው ሰው ካላመነበት፣ ማጣሪያው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ዙሪያውን የሚዞርበት አይጠፋም።

ፋይዳ አለ ትሉኝ ይሆናል። አዎ፤ በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 አለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ማንነቱን የማታውቁት ድረ ገጽ ወይም የቴሌግራም ቦት «ዕድሜህን ላረጋግጥ» ብሎ የፋይዳ ቁጥራችሁን ወይም የመታወቂያችሁን ፎቶ ቢጠይቅ አትስጡ። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ የጣት አሻራና ፊት ግን አይቀየርም።

የእኛ ሕግ የያዘው ማንን ነው?

«ታዲያ እኛ ዘንድ ሕግ የለም ማለት ነው?» እንዳትሉ። አለ፤ የሄደበት መንገድ ግን ሌላ ነው።

ዕድሜን መነሻ ያደረጉ ሕጎችን እናውቃቸዋለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልም ሲጋራም መሸጥን ከልክሏል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ደግሞ የልጆችን አመለካከት የሚያበላሹ ፕሮግራሞች ልጆች በሚከታተሉበት ሰዓት እንዳይተላለፉ ደንግጎ ነበር። ልጆች አያዩም አይሰሙም ብሎ የገመተው ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ነበር። በዚያ ዘመን ቴሌቪዥኑ ሳሎን ነው ያለው፤ አባትም እናትም አጠገቡ ናቸው። ዛሬ ስክሪኑ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቷል። ሰዓቱንም የሚቆጥር የለም።

የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 640 ለብልግና የተዘጋጁ ጽሑፎችን፣ ሥዕሎችንና ፊልሞችን ማሰራጨትን ይቀጣል፤ በአንቀጽ 644 ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ለይቶ ይጠብቃል። ለስልክና ለኮምፒዩተር የመጣው በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ነው። አንቀጽ 12ን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ሁለት ነገር ይላል።

አንደኛ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በግልጽ ወሲባዊ ድርጊት ውስጥ የሚታይበትን ፎቶ ወይም ቪዲዮ በኮምፒዩተር ሥርዓት ያዘጋጀ፣ ያስተላለፈ፣ የሸጠ፣ ያሰራጨ ወይም ያለ ፈቃድ ይዞ የተገኘ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ሁለተኛ፣ ወሲባዊ ንግግር፣ ፎቶ፣ የጽሑፍ መልእክት ወይም ቪዲዮ እየላከ ልጅን ለወሲብ የሚያነሣሣ ወይም የሚመለምል ከ5 እስከ 10 ዓመት በጽኑ እሥራት ይቀጣል።

አያችሁ? የሌላው አገር ሕግ በሩን ይዞ «ዕድሜህ ስንት ነው?» ይላል። የእኛው ሕግ ሰውየውን ይዞ «ለማን ላክህ?» ይላል። ይህ ልዩነት ለደቅ ልጅ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ታንኳ ወደብ አይመርጥም

ከባሕር ዳር የሚመጣው ትልቁ ጀልባ የሚቆመው ወደቡ ላይ ነው። ወደቡ ላይ ጠባቂ ብናቆም በዚያ የገባውን ሁሉ እናያለን። ታንኳ ግን? ታንኳ በደንገሉ መካከል ሰንጥቆ በፈለገበት ይደርሳል። ጠባቂው ወደቡ ላይ ቆሞ ያድራል፤ ዕቃው በጓሮ ገብቷል።

የወሲብ ፊልምም ወደ እኛ የሚመጣው በትልቁ ጀልባ ብቻ አይደለም። ዘፈን ሊያስጭን ከተማ የሄደ ልጅ በሚሞሪ ካርዱ ይዞት ይመጣል። በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። በቴሌግራም ግሩፕ ሳይጠሩት ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ወራት ድረ ገጽ የከፈተ አልነበረም፤ ከስልክ ወደ ስልክ ማስተላለፉ ግን ኢንተርኔት አይፈልግም። ድረ ገጹ ላይ የሚቆም ዕድሜ ጠያቂ ይህንን አያየውም። ታንኳውን የሚያየው ታንኳ ቀዛፊው ነው። ቀዛፊው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእኛው መካከል ያለ ሰው ነው።

«እኔ አሳለፍኩት እንጂ አላነሣሁትም»

በሥራዬ ካገኘኋቸው ጉዳዮች አንዱን ላጫውታችሁ። ስምና ቦታ አልጠራም።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ 16 ዓመቷ ነው። ለትምህርት ከገጠር ወጥታ ከተማ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። በቴሌግራም የተዋወቃት ወንድ መጀመሪያ የሞባይል ካርድ ይልክላታል፤ ቀጥሎ ያጽናናታል፤ ቀጥሎ የወሲብ ቪዲዮዎች መላክ ይጀምራል። «ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ አንቺ ብቻ ነሽ ገጠሬ የሆንሽው» ይላታል። በመጨረሻ የራሷን ቪዲዮ ይጠይቃታል። ላከች። ያን ጊዜ ንግግሩ ተቀየረ፤ «ካልመጣሽ ለትምህርት ቤትሽ እበትነዋለሁ» አለ። አልሄደችም፤ በተነው።

በሦስት ቀን ውስጥ ቪዲዮው በክፍሏ ልጆች ስልክ ላይ ነበር። ሰውየው የላከው ለሁለት ልጆች ብቻ ነው። ቀሪውን ሥራ የሠሩት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። ከልጆቹ አንዱን «ለምን?» ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ አሳለፍኩት እንጂ አላነሣሁትም» አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። ያሰበውም አይመስለኝም። ነገር ግን ሕጉ ያነሣውን ብቻ አይልም፤ ያስተላለፈውንም ይዞ የተገኘውንም ይላል። በወንጀል ሕጋችን ደግሞ 15 ዓመት ያለፈው ወጣት በወንጀል ተጠያቂ ነው።

ልጅቷ ለአክስቷ ተናገረች። አክስቷ አልተሳደቡም፤ አልደበደቧትም። «ተነሺ ልጄ፣ አብረን እንሄዳለን» ብለው ይዘዋት ፖሊስ ዘንድ ሄዱ። የሰውየው ስልክ ቁጥርና የማስፈራሪያ መልእክቶቹ ስላልጠፉ ማስረጃ ሆኑ። ልጅቷ ዛሬ ወደ ትምህርቷ ተመልሳለች፤ አንድ ዓመት ግን ከትምህርት ቀርታለች። ያሳለፉት ልጆች አንድ ቀንም አልቀሩም። ይኼን ነገር ወደ ቤታችሁ ይዛችሁት እንድትሄዱ እፈልጋለሁ።

ፊልሙ የማይነግረን

አሁን ወደ ጤናችን እንምጣ። ፊልሙን ያየ ወጣት «ልማርበት ነው» ይላል። ምን ይማርበታል? በፊልሙ ውስጥ «አልፈልግም» የሚል ሰው የለም፤ ካለም የሚሰማው የለም። «ተመርምረሃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኮንዶም ብዙ ጊዜ አይታይም። እርግዝና የለም፤ ኤች አይ ቪም የለም።

ከካሜራው ጀርባ ግን አለ። በ2004 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ አካባቢ በወሲብ ፊልም ተዋንያን መካከል ኤች አይ ቪ በመገኘቱ የፊልም ሥራው ለሳምንታት ቆሞ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ መራጮች ተዋንያኑ በቀረጻ ጊዜ ኮንዶም እንዲጠቀሙ የሚያስገድድ ሕግ በድምፃቸው አጽድቀዋል። እንግዲህ ሙያዬ ነው ብሎ፣ እየተመረመረ የሚሠራው ሰው እንኳ ያልዳነበትን ነገር፣ የደቅ ወይም የባሕር ዳር ልጅ ከስልኩ ተምሮ ሳይመረመር ሲሞክረው ምን ይሆናል?

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች መካከል ያለው የኤች አይ ቪ ሥርጭት 0.9 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ሲዘረዘር ግን በገጠር 0.4፣ በከተማ 2.9 በመቶ ነበር። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ለትምህርትም ለሥራም ሐይቁን ተሻግራችሁ ከተማ ትገባላችሁ። ስትሻገሩ ይዛችሁ የምትሄዱት ዕውቀት ከፊልም የተለቀመ እንዳይሆን ነው ጭንቀቴ። መታቀብ ይቻላል። ጊዜው ሲደርስ ደግሞ አንድ ለአንድ መወሰን፣ አብሮ መመርመር፣ ኮንዶምን በአግባቡ መጠቀም አለ። ተገዳ የተደፈረች ወይም ለቫይረሱ የተጋለጠ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰ ቫይረሱ እንዳይዘው የሚረዳ መድኃኒት አለ። ይህን የሚነግር ፊልም አይቼ አላውቅም።

ምን እናድርግ?

በሩ ይሠራ ወይስ አይሠራ ብትሉኝ፣ እኔ ይሠራ እላለሁ። ከልጅ ዓይን ገንዘብ የሚሰበስብ ድርጅት መጠየቅ አለበት። ሲሠራ ግን መታወቂያችንን የማያከማች፣ የልደት ወረቀት የሌለውን የገጠር ልጅም የማይረሳ ይሁን። እስከዚያው፣ ከዚያም በኋላ፣ በእጃችን ያለውን እናድርግ፤

1. የማንንም ራቁት ምስል አታስተላልፉ። ቢደርሳችሁ አጥፉት፤ ለላከላችሁም «ሁለተኛ እንዳትልክልኝ» በሉት። በእናንተ እጅ ከቆመ፣ ታንኳው እዚያው ቆመ ማለት ነው።

2. አዋቂ ሰው የወሲብ መልእክት ወይም ቪዲዮ ቢልክላችሁ ጥፋተኛው እሱ ነው። ብታዩትም፣ ብትመልሱለትም፣ ምስል ብትልኩለትም ልጅን በማነሣሣቱ ሕጉ የሚይዘው እሱን ነው። አትፍሩ።

3. የሚያስፈራራችሁ ካለ ገንዘብ አትስጡ፤ ብቻችሁን ልታገኙት አትሂዱ። ስልክ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ማስፈራሪያውን አስቀምጡ። ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፤ ለእናት፣ ለአክስት፣ ለመምህር ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ። ከእነሱም ጋር ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂዱ።

4. ጥያቄ ሲኖራችሁ በክበባችሁ ጠይቁ። መናገር የሚያሳፍር ከሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ስም ሳትጽፉ በሣጥን ክተቱ።

መምህራን፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። ልጁ መጥቶ ሲናገር የመጀመሪያው ቃላችን «ለምን አየህ?» ከሆነ፣ ሁለተኛ ልጅ አይመጣም። እንደዚያች አክስት «አብረን እንሄዳለን» እንበል።

 አሁን ክበቡ በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ይወያይ፤

ሀ) በአገራችን ዕድሜ የሚያጣራ ሕግ ቢወጣ ለገጠር ተማሪ በምን መንገድ ይመቻል?

ለ) የክፍል ጓደኛችሁ ምስል በግሩፑ ላይ ቢለቀቅ መጀመሪያ የምታደርጉት ምንድን ነው?

ሐ) በዚህ ትምህርት ቤት ችግር የደረሰበት ተማሪ ሳይፈራ የሚያናግረው ሰው ማን ነው? ከሌለስ ማን ይሁን?